ጨው በበርሜል

ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ አቧራው በሚያፏጭበት፣
ሙሴ ስታማቲ ጋራዥ ነበረው፣ የቆርቆሮ ቤት።
አገሩ ደሴት ነው አሉ፣ ዙሪያውን ባሕር የከበበው፤
አዳማ ላይ የከበበው ግን ነፋስና የወንጂ ጭስ ነው።

ቀኑ ከኛ ቀን አይገጥምም፣ ዐሥራ ሦስት ቀን ይቀድማል፤
እኛ ለገና ዋዜማ ዶሮ ስንገዛ፣ እሱ ጥምቀት ያከብራል።
መስቀልም እንደዚያው ነው፣ የኛ ደመራ ሳይቆም በፊት
አንድ እፍኝ በሶብላ ይዞ ይታያል ከደጁ ፊት።
ሁንዴ ባለ ጋሪው ይስቃል፦ «ሙሴ፣ ሰዓትህ ፈጥኗል!»
«የለም» ይላል፣ «ያንተ ፈረስ ነው የዘገየ፣ ደክሞታል።»

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሮማን ይዞ ይወጣል፤
ደፉ ላይ ይፈጠፍጠዋል፤
የተበተነውን ፍሬ ተንበርክኮ ይቆጥርና
«ይህን ያህል መኪና ይበላሽ ዘንድሮ!» ይላል፣ በምስጋና።
እትዬ ብርቄ ጎረቤቱ መጥረጊያዋን ይዛ ትመጣለች፤
«ገንዘቡን ድንጋይ ላይ የሚፈጠፍጥ!» ትላለች፤
ፍሬውን ግን ለቅማ ትበላለች።

የእናቱ ሙት ዓመት ሲሆን ንፍሮ ይቀቅላል፣ ስንዴ፤
ስኳር ይነሰንስበታል! «ለቅሶ ይጣፍጣል እንዴ
ባገራችሁ?» ስትለው፣
«መሬት የገባ ስንዴ ነው፣ ብርቄ። ይጣፍጥ ተይው።»

ጭንቁ የጥምቀቱ ለት ነው። ባሕር ከየት ይምጣ አዳማ?
አዋሽ አዞ አለው፤ ማን እናት ልጇን ትልካለች ተስማምታ?
አንድ በርሜል ነበረው፣ የራዲያተር ውሃ የሚቀዳበት፤
አጥቦ ሞላውና ሦስት እፍኝ ጨው ጨመረበት።
በጣቱ ቀመሰ። ለአፍታ ምንም አላለም።
«ጨው ከሌለው» አለን ኋላ፣ «ኩሬ ነው። አላውቀውም።»
ከዚያ ከሁለት ትንንሽ መፍቻ የበየደውን መስቀል
ሽቅብ ወርውሮ ለቀቀው፤ ጧ! ሰጠመ ከበርሜል።

ስምንት ልጅ ባንድ በርሜል! ራስ ከራስ ተጋጨ፤
የኔ ጥርስ ተሸረፈ፣ ውሃው እስከ መንገድ ተረጨ።
ያወጣው ጀማል ነበረ፣ የሐጂ ቦሩ ልጅ፤
በሁለት ጣቱ ይዞት ቆመ፣ ግራ ገብቶት፣ ከደጅ።
ሙሴ ግንባሩን ሳመው። «መስቀሉን ለኔ መልስ፣
ዕድሉን ላባትህ ውሰድ፣ መንገድ ላይ እንዳይፈስስ።»
ማታ ከሐጂ ቤት አንድ ሳህን ተምር መጣ፤
ስለ ጉዳዩ ግን ከማንም አፍ ቃል አልወጣ።

በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ ቁጥሩ ይታረቃል፤
ፋሲካ የሱም የኛም ባንድ ዶሮ ጩኸት ይፈታል።
በሽንኩርት ልጣጭ ያቀላውን እንቁላል ተሸክሞ
በየቤቱ ያንኳኳል፣ ከረባቱን አጣምሞ።
እንቁላል ከእንቁላል ይጋጫል፤ ያልተሰበረ ይመረቃል።
የብርቄ የሱን ይሰብረዋል፣ በየዓመቱ፣ ያለ ስሕተት፤
እያወቀ መሰለኝ በስሱ ጎን የሚይዝላት።

በሐምሌ ሞተ።
እድርተኛው ድንኳን ሥር ተከራከረ፦
«አርባው በማን ይቆጠር? በሱ ነው ወይስ በኛ?»
አንዱ ወረቀት አወጣ፣ ሌላው ዐሥራ ሦስት ደመረ፣ ቀነሰ።
ሁንዴ ፈረሱን እያሰረ ነበር፤ ዞር ሳይል መለሰ፦
«አርባ ቀን በማንም ቢቆጠር አርባ ቀን ነው።»

ብርቄ ንፍሮውን ቀቀለች። የወንጂ ስኳር ነሰነሰች።
ሮማን ፍለጋ ገበያውን ሁሉ ዞረች፤
ወቅቱ አልነበረም። ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ተመለሰች።

እኔ ሰው ሲበላ ወደ ጋራዡ ጓሮ ሄድኩ።
በርሜሉን ክረምቱ ሞልቶታል፣ እስከ አፉ።
ጣቴን ነከርኩና ላስኩት።
ጨው አልነበረውም።